የጦስኝ መዓዛ ምን ይዟል?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጦስኝ ነው። «ጦስኝንማ ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ጦስኝን የማውቀው ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ከሻይ ጋር ሲፈላ ነበር። ሲበቅል ያየሁት ፊደል ላስቆጥር አምቢኮ ስመጣ ነው።

አምቢኮ ከቧሂት ማዶ፣ ከራስ ደጀን ግርጌ ያለ የደጋ አገር ነው። ዳገቱን ስወጣ ደክሞኝ ከአንድ ቋጥኝ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ወዲያው ደስ የሚል ሽታ ከሥሬ ተነሣ። ጎንበስ ብዬ ሳይ መሬት ለመሬት የተነጠፈ፣ ቅጠሉ ደቃቃ፣ አበባው ወይን ጠጅ መሳይ ተክል አገኘሁ። የተቀመጥኩት ጦስኝ ላይ ኖሯል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሽታው ማማር ልነግራችሁ ብዬ ብቻ አይደለም። በጦስኝ ምክንያት አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ስህተቱን እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው። ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ተክሉን እንወቀው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምታነቧቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የጦስኝ ዘመዶች እነማን ናቸው?

ሰው ዘመድ እንዳለው ሁሉ ተክልም ዘመድ አለው። የጦስኝ ዘመዶች በሶብላ፣ ዳማ ከሴ፣ ናና እና የጥብስ ቅጠል ናቸው። ፈረንጆች ሴጅ የሚሉት የታወቀ የመድኃኒት ቅጠልም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው።

ዘመድነታቸውን በምን እናውቃለን? በሦስት ነገር። አንደኛ፣ ግንዳቸውን በጣታችሁ ስትዳብሱት አብዛኛውን ጊዜ ክብ አይደለም፤ አራት ማዕዘን ነው። ሁለተኛ፣ ቅጠሎቻቸው ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። ሦስተኛ፣ አበባቸው እንደ ከንፈር ላይና ታች ሆኖ ይከፈታል። ነገ ሜዳ ስትወጡ በሶብላውንም ጦስኙንም ይዛችሁ አመሳክሩ።

በአገራችን ጦስኝ የሚባሉት ሁለት ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ አይበቅሉም። የደጋ ልጆች ናቸው። በሰሜን ተራሮች፣ በወሎ፣ በመንዝ፣ በባሌ ከፍታዎች ይገኛሉ።

የአንደኛው ሳይንሳዊ ስም ቲመስ ሺምፐሪ ይባላል። ሺምፐር ማነው? ጀርመናዊ የዕፅዋት አዋቂ ነው። በ1837 ወደ አገራችን መጣ። በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ እዚሁ ኖረ። በሰሜን ተራሮችም እየዞረ ብዙ ዕፅዋት ሰብስቦ ወደ አውሮፓ ላከ። ስለዚህ በመጽሐፍ ላይ የእሱ ስም ተጻፈ። ይሁንና እሱ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ እናቶቻችን ተክሉን ያውቁት ነበር፤ «ጦስኝ» የሚል ስምም አውጥተውለታል።

ሽታው ከየት ይመጣል?

የጦስኝን ቅጠል በአጉሊ መነጽር ብታዩት በላዩ ላይ በጣም ጥቃቅን ከረጢቶች ታያላችሁ። በከረጢቶቹ ውስጥ ዘይት አለ። ቅጠሉን ስትረግጡት ወይም ስታሹት ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ። ዘይቱ ተንኖ አፍንጫችሁ ይገባል። ሽታ ያላችሁት ይኸው ነው።

ይህ ዘይት እንደ ኑግ ወይም እንደ ተልባ ዘይት አይደለም። የኑግ ዘይት ወረቀት ላይ ቢንጠባጠብ ቅባቱ አይለቅም። የጦስኝ ዘይት ግን ቀስ እያለ በንኖ ይጠፋል። ስለዚህ መዓዛማ ዘይት ይባላል። ተክሉ ይህን ዘይት የሚሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም። ተባይና በሽታ እንዳያጠቃው ራሱን ይከላከልበታል። አጥር እንደማለት ነው።

ዘይቱ እንዴት ይወጣል? አረቄ ሲወጣ አይታችኋል። ድፍድፉ ይጣዳል፤ ከሥሩ እሳት ይነዳል። እንፋሎቱ በመቃው በኩል ያልፍና በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ሲገባ ጠብ ጠብ ይላል። የጦስኝ ዘይትም የሚወጣው በዚሁ ዘዴ ነው። ቅጠሉ በእንፋሎት ይመታል። እንፋሎቱ ዘይቱን ይዞ ይሄዳል። ሲቀዘቅዝ ውሃው ከታች ይቀራል፤ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል።

ከ100 ኪሎ ደረቅ ጦስኝ የሚገኘው ዘይት ግን ጥቂት ነው። አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። ይህን ነገር አስታውሱት። አንዲት ጠብታ ዘይት ማለት የብዙ ቅጠል ኃይል ተሰብስቦ ማለት ነው።

በዘይቱ ውስጥ ምን አለ?

የአገራችን ምሁራን ይህን መርምረዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዋ የኬሚስትሪ ምሁር ንግሥት አስፋው በ2000 ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የጦስኝ ዘይት ከምን ከምን እንደተሠራ ጽፈዋል። ቆየት ብለውም ከዕፅዋት ምሁሩ ከሰብስቤ ደምሴው ጋር ስለ ኢትዮጵያ መዓዛማ ተክሎች በ2009 መጽሐፍ አሳትመዋል። የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከልም በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ ይሠራል።

በጦስኝ ዘይት ውስጥ ብዙ ዓይነት ነገር ተገኝቷል። ዋናዎቹ ግን ሁለት ናቸው። አንዱ ቲሞል ይባላል። ሌላው ካርቫክሮል ይባላል። ስማቸው ለአፍ ያስቸግራል። ደግማችሁ አንብቡት፤ ቲ-ሞል፣ ካር-ቫክ-ሮል።

የሁለቱ ነገር ይገርማል። ቲሞል ከአሥር ካርቦን፣ ከአሥራ አራት ሃይድሮጂንና ከአንድ ኦክስጅን የተሠራ ነው። ካርቫክሮልም ከአሥር ካርቦን፣ ከአሥራ አራት ሃይድሮጂንና ከአንድ ኦክስጅን የተሠራ ነው። ቁጥራቸው አንድ ነው። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድነው? ኦክስጅኑ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ፊደል ለቆጠረ ሰው ይህ አይከብድም። «ለ» እና «ማ»ን ውሰዱ። «ለማ» ብላችሁ ብትጽፉ መሬቱ ለማ ማለት ነው። ገልብጣችሁ «ማለ» ብትጽፉ ሰውየው በዳኛ ፊት ማለ ማለት ይሆናል። ፊደሎቹ ያው ሁለቱ ናቸው። ቦታቸው ብቻ ተለዋወጠ፤ ትርጉሙም ተለወጠ። የተፈጥሮ ጽሕፈትም እንደዚሁ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የጦስኝ ዘይት በሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዱ ተራራ የበቀለው ቲሞል ይበዛበታል፤ በሌላው ካርቫክሮል ይበዛበታል። የተቆረጠበት ወራትና የደረቀበት መንገድም ይለውጠዋል። የአንድ አገር ገብስ ከሌላው አገር ገብስ እንደሚለይ ማለት ነው።

ጀርምን እንዴት ይገድላል?

ጀርሞች በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ፍጥረቶች ናቸው። እያንዳንዱ ጀርም በስስ ቆዳ የተጠቀለለ ነው። አቁማዳ አስቡ። አቁማዳው ደህና ከሆነ እህሉን ይይዛል። ከተበሳ እህሉ ይፈስሳል። ቲሞልና ካርቫክሮል የጀርሙን አቁማዳ ይበሳሉ። ውስጡ ያለው ይፈስሳል፤ ጀርሙም ይሞታል።

ይህ ወሬ አይደለም። በላቦራቶሪ ታይቷል። የጦስኝን ዘይት ጀርም ባለበት ሳህን ላይ ሲያደርጉት ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይሞታል። የቆዳ ፈንገስም ይሞታል። ዛሬ በዓለም ላይ ቲሞል በአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ውስጥ ይገባል። በብዙ አገር ያሉ ንብ አናቢዎችም ቫሯ የምትባለውን የንብ ተባይ በቀፎ ውስጥ የሚከላከሉበት አንዱ መድኃኒት ቲሞል ነው።

እንግዲህ የእናቶቻችን ዕውቀት ከንቱ አልነበረም። ጦስኝ በእውነት ኃይል አለው። እኔም ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ። ስህተቴም የመጣው ከዚህ ደስታ ነው።

ስህተቴ

በማታው ትምህርት ቤታችን አንድ ጎልማሳ ገበሬ ነበሩ። ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ። ፊደል ሲይዙ እንደ ሬት አያስጨንቃቸውም። ግን ያስላቸዋል። ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ሳስተምር ሳላቸው ያቋርጠኛል።

አንድ ማታ «ምን እየወሰዱበት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጦስኝ ነዋ» አሉኝ። «ጧትና ማታ እጠጣለሁ።»

እኔም ለሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «በጣም ጥሩ ነው! ጦስኝ ጀርም እንደሚገድል ሳይንስ አረጋግጧል። ይጨምሩበት» አልኩ። ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰውየው በጣም ደስ አላቸው። አስተማሪ ያለው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራጠራል? ከሁለት ወደ አራት ስኒ ከፍ አደረጉት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሳሉ አልተወም። ልብሳቸው ሰፋቸው። ሌሊት ሌሊት ያልባቸዋል። አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሌላ ጉዳይ ወደ ክፍላችን መጣች። ሳሉን ሰማች። የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ስንት ሳምንት ሆነዎት?»

«ገብስ ከተዘራ ወዲህ ነው» አሉ።

ገብስ የተዘራው ከሁለት ወር በፊት ነበር። እሷ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እኔ አልጠየቅሁም።

ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። አክታቸው ተመረመረ። የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ቤተሰባቸውም ተመረመረ። የእኛም ክፍል ሰዎች ተጠየቅን። በጠባብ ቤት ውስጥ፣ በር ዘግተን፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተጠጋግተን ነበር የምንማረው። በእኔ «ይጨምሩበት» ሦስት ሳምንት ተቃጥሏል።

አሁን መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ናቸው። ሕክምናው በነጻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈጃል። ትኩሳቱ ለቋቸዋል። ወደ ትምህርታቸውም ተመልሰዋል። ይቅርታ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ጦስኙን አልጣልኩትም። ቦታውን ነው ያወቅኩለት።»

ሳህንና ሰውነት አንድ አይደሉም

የተሳሳትኩት ምኑ ላይ ነው? ጦስኝ ጀርም ይገድላል ማለቴ ሐሰት አልነበረም። ግን ሳህንና ሰውነትን አንድ አደረግኋቸው።

በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ዘይቱ ጀርሙን በቀጥታ ያገኘዋል። በስኒ ጦስኝ ውስጥ ያለው ዘይት ግን ከጠብታ ያነሰ ነው። ከጉሮሮ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ደም ይሄዳል። ጉበት ይለውጠዋል። ሳንባ ሲደርስ በጣም ሳስቶ ነው። የነቀርሳ ጀርም ደግሞ ጠንካራ ነው። አንድ መድኃኒት ብቻውን አይበቃውም። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙ መድኃኒት አጣምረው ለወራት ይሰጡበታል።

«እንግዲያው ዘይቱን ራሱን ብንጠጣውስ?» የሚል ይኖራል። አይሆንም! ምክንያቱን ታሪክ ይነግረናል።

በ1719 ካስፓር ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ከፈረንጅ ጦስኝ ዘይት ውስጥ ቲሞልን ለየው። እንደ ጨው ያለ ነጭ ፍሬ ነው። ኋላ በ1909 በአሜሪካ ደቡብ ብዙ ድሃ ገበሬዎችን የያዘ የመንጠቆ ትል ነበር። ያን ትል ለማጥፋት የሮክፌለር ኮሚሽን የሚባል ተቋቋመ። ለሕዝቡም ቲሞል ታደለ። ትሉን ያስወጣ ነበር። ግን መርዝነትም ነበረው። ከአረቄ ጋር የወሰደው ሰው ወደ ደሙ በብዛት ይገባበትና ይጎዳው ነበር። ስለዚህ በብርቱ ጥንቃቄ ይሰጥ ነበር። ኋላም የተሻለ መድኃኒት ሲገኝ ቀረ።

ይህ ነገር ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ኮሶን ታውቃላችሁ። ኮሶ ትሉን ያወርዳል። መጠኑ ካለፈ ግን ሰውየውን ይጥላል። የጦስኝ ዘመድ የሆነው ሴጅም እንደዚሁ ነው። ስሙ በላቲን ቋንቋ «ማዳን» ከሚል ቃል የመጣ ነው። ይሁንና ዘይቱ ቱጆን የሚባል ነገር አለበት፤ ቱጆን ሲበዛ ነርቭን ይጎዳል፤ ያንቀጠቅጣል። የሚያድን ኃይል ያለው ነገር የሚጎዳም ኃይል አለው። ልዩነቱ መጠኑ ነው።

የደም ግፊትስ?

ብዙ ሰዎች ለደም ግፊት ጦስኝ ይጠጣሉ። በዚህም ላይ በአገራችን ጥናት ተደርጓል። ለላቦራቶሪ አይጦች የጦስኝ ውሃ ሲሰጣቸው ሽንታቸው እንደሚበዛና ግፊታቸውም እንደሚቀንስ ታይቷል። ይህ ተስፋ ይሰጣል። ግን አይጥ ሰው አይደለም። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ «ይህን ያህል፣ በቀን ይህን ያህል ጊዜ» ይላል። ጦስኝ ግን ከተራራ ተራራ እንደሚለያይ ከላይ አንብበናል። የዛሬው ስኒ ከትናንቱ ጋር እኩል መሆኑን በምን እናውቃለን?

ደግሞም የደም ግፊት አያሳክክም፤ አያስልም። ሰውየው ደህና የሆነ እየመሰለው ልቡና ኩላሊቱ ይጎዳሉ። የታዘዘላችሁን ክኒን ጦስኝ ጠጣሁ ብላችሁ አትተዉ። ጦስኝ የምትጠጡ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩት። አትፈሩት።

እንዴት እንጠቀምበት?

ጦስኝን ተዉት አልልም። እኔም ዛሬ ማታ እጠጣዋለሁ። ያረፍኩባቸው እማማ ውሃ ጥደውልኛል። ግን እንዲህ እናድርግ።

1. ለጉንፋን፣ ለብርድ፣ ለጉሮሮ ከርከር አንድ ቁንጥጫ ደረቅ ጦስኝ በስኒ ትኩስ ውሃ ዘፍዝፎ መጠጣት ይበቃል። በሽሮና በበርበሬ ውስጥ መግባቱም መልካም ነው።

2. ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ ወይም ሌሊት የሚያልብ፣ የሚያከሳ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ያለው ከሆነ ያን ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

3. ሕፃን ልጅ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ጦስኝ አፍልታችሁ አትቆዩ። ተሸክማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

4. በጠርሙስ የሚሸጠውን ዘይት አትጠጡ። በሕፃን አፍንጫና አፍ አታድርጉ። ነፍሰ ጡር ሴትም የጤና ባለሙያ ሳትጠይቅ ጦስኝ አታብዛ።

ሥሩን አትንቀሉ

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ጦስኝ በገበያ ሲወደድ ልጆች ከነሥሩ እየነቀሉ በጆንያ ሲያወርዱ አይቻለሁ። ጦስኝ ዳገቱን እንደ ሰሌን ይሸፍነዋል። ሲነቀል አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይወስደዋል። በሚቀጥለው ዓመት ጦስኙም የለ፤ ሣሩም የለ፤ ንቡም የሚቀስመው አበባ የለ።

ስለዚህ ከላይ ከላይ በማጭድ ቁረጡ። ሥሩንና ከግንዱም የተወሰነውን ተዉ። መልሶ ያቆጠቁጣል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ከሆነ ግን አትቁረጡ፤ በፓርኩ ውስጥ ያለው የሁላችን ቅርስ ነው፤ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ከዚያ ይልቅ ክረምት ሲገባ ሥር የያዘ ቅርንጫፍ አምጥታችሁ በጓሯችሁ ተክሉ። ስታደርቁም በፀሐይ አይሁን። ፀሐይ ዘይቱን ያበንነዋል። በጥላ አድርቁና ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት። ሽታው ከጠፋ ኃይሉም አብሮ ሄዷል።

ውድ አንባቢዎች፣ ማንበብ የጀመራችሁት በቅርቡ ነው። እኔም ገና ተማሪ ነኝ። «ሳይንስ አረጋግጧል» የሚል ሰው ስትሰሙ፣ አስተማሪም ቢሆን፣ እኔም ብሆን፣ «በምን ላይ? በሳህን፣ በአይጥ ወይስ በሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ማታ ከእናንተ አንዱ እንዲህ ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ሦስት ሳምንት አይባክንም ነበር።

አንብባችሁ ስትጨርሱ በዚህ ተነጋገሩ

በቤታችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለው ሰው አለ?

በመንደራችሁ ጦስኝ የሚቆረጠው በማጭድ ነው ወይስ ይነቀላል?

«ለማ» እና «ማለ»ን ጻፉ። እንደነዚህ ፊደላቸው አንድ ሆኖ ቦታቸው ብቻ የተለዋወጠ ሌሎች ሁለት ቃላት ፈልጉ።